ስለ ኩፍኝ ደዌ፤ በሕፃናት አንጎልም ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለወላጆች፤ በሐረር ጀጎል የሚነገር ንግግር



አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዓመት ሐረርን በጀጎል ግንብ ባጠሩ ጊዜ ለከተማዪቱ 5 በሮች ተበጁላት። በቀድሞው ዘመን ፀሓይ ስትጠልቅ 5ቱም በሮች ይዘጉ ነበር። ዘበኛው 4ቱን በር ዘግቶ አንዱን ቢረሳ ያ ሁሉ ግንብ ለተኛው ሕዝብ ምን ይጠቅመዋል? ጠላት የሚገባው በተዘጋው በር ሳይሆን በተረሳው በር ነውና።

ዛሬ የሚነገረው የድንጋይ ግንብ ስለማይመልሰው ጠላት ነው። እርሱም ኩፍኝ ነው። በሐረር ዙሪያ ያሉ ኦሮሞዎች ጊፊራ ይሉታል፤ ሶማሌዎች ጀዴዖ ይሉታል። ስሙን የማያውቅ ቤት የለም። ነገር ግን ስሙን ማወቅና ጠባዩን ማወቅ ልዩ ልዩ ነገር ነው። ብዙ ሰው ኩፍኝ ማለት በቆዳ ላይ ወጥቶ የሚጠፋ ሽፍታ ብቻ ይመስለዋል፤ ሕፃን ሁሉ ግድ የሚያልፍበት የዕድሜ ግብር ነው ብሎም ይተወዋል። በብዙ የአፍሪካ አገር ግን እናቶች ኩፍኝ ሳያልፍ ልጆቻቸውን እንዳይቆጥሩ ይባል ነበር። ይህን ያሰኛቸው በየቤቱ ያዩት ኀዘን ነው።

የዚህ ንግግር ዋና ቁም ነገር ከሽፍታው በላይ ነው። ኩፍኝ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ዓይንን ያጠፋል፤ ጆሮን ያደነቁራል፤ ይህን ብዙ እናት ታውቀዋለች። ወደ አንጎልም እንደሚወጣ፤ ከዚያም ዓመታት ተደብቆ ሊኖር እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ በየተራው ይገለጣል። በንግግሩ ውስጥ ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ባውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ኩፍኝ ምን ዐይነት ደዌ ነው

ኩፍኝ ከቫይረስ የሚመጣ ደዌ ነው። ቫይረስ ማለት በዓይን የማይታይ፤ በሕያው ገላ ውስጥ ገብቶ ካልሆነ በቀር መራባት የማይችል እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። ወደ ሕፃኑ አፍንጫና ጉሮሮ ከገባ በኋላ 10 ቀን ያህል ምልክት ሳያሳይ ይቈያል። ከዚያም ትኩሳት፤ ሳል፤ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ይጀምራል። በጉንጭ ውስጥ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከ2 እስከ 4 ቀን በኋላ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ሥር ጀምሮ ወደ ደረት፤ ወደ እጅና ወደ እግር ይወርዳል።

ይህ ደዌ ከፈንጣጣ የተለየ መሆኑን አስቀድሞ በመጽሐፍ ለይቶ የጻፈው ታላቁ ሐኪም አል ራዚ ነው። አል ራዚ በፋርስ አገር በሬይ ከተማ ተወልዶ በባግዳድም ያከመ፤ በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፈ ሊቅ ነው። እርሱ ሕሙማኑን ቀርቦ እያየ ስለ ሁለቱ ደዌዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ አስቀድሞ ሁለቱ በአንድነት ይታዩ ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በ1846 ዓ.ም. ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ፋሮ ወደሚባሉ ደሴቶች ተላከ። በዚያ ደሴት ኩፍኝ ለ65 ዓመት ታይቶ አያውቅም ነበር። ከ7,782 ነዋሪዎች ከ6,000 የማያንሱት ባንድ ወቅት ታመሙ። ፓኑም ከቤት ወደ ቤት፤ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ማን መቼ እንደ ታመመ መዘገበ። ሁለት ታላላቅ ነገሮችንም አስተዋለ። አንደኛው፤ ደዌው ከተጋባበት ቀን እስከ ሽፍታው ቀን ድረስ 2 ሳምንት ያህል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፤ በ1781 ዓ.ም. በልጅነታቸው ኩፍኝ የወጣላቸው ሽማግሌዎች ዳግመኛ አለመታመማቸው ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ ያወቀውን ጠላት 65 ዓመት ሙሉ አልረሳውም ነበር። የክትባት ሁሉ መሠረት ይህ የሰውነት ትዝታ ነው።

2ኛ፤ ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚሻገር

በጀጎል ውስጥ ባንድ ግቢ 3 ቤተሰብ ይኖራል ተብሎ ይታሰብ። በመጀመሪያው ቤት ሳይከተብ ያደገ የ8 ዓመት ተማሪ አለ። በሁለተኛው ቤት 2 ጊዜ የተከተበ የ3 ዓመት ልጅ አለ። በሦስተኛው ቤት የ7 ወር ሕፃን አለች።

ተማሪው ሰኞ ዕለት አፍንጫው ይፈስሳል፤ ያስለዋል፤ ዓይኑም ይቀላል። ቤተ ሰቡ ጉንፋን ነው ብሎ ያስባል። ማክሰኞና ረቡዕም ትምህርት ቤት ይውላል። ሽፍታው የሚወጣው ሐሙስ ነው። ኩፍኝ ግን ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ሽፍታው ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ይተላለፋል። ስለዚህ ሽፍታው በታየ ጊዜ ልጁ ደዌውን ለጓደኞቹ አስቀድሞ ሰጥቷል ማለት ነው።

ዓርብ ዕለት የሦስተኛው ቤት እናት ሕፃኗን አዝላ የታመመውን ልጅ ልትጠይቅ ትገባለች። ጎረቤትን መጠየቅ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የታመመው ልጅ ወደ ሌላ ክፍል ቢወሰድ እንኳ የሳለው ትንፋሽ በተዘጋ ቤት ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ይቈያል። ሕፃኗ ያን አየር ትተነፍሳለች። ከማይከላከሉ 10 ሰዎች መካከል ኩፍኝ ከያዘው ሰው ጋር በቅርብ የተቀመጡ እንደ ሆነ 9ኙ ያህል ይያዛሉ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንደዚህ ያለ ደዌ እጅግ ጥቂት ነው።

የሁለተኛው ቤት ልጅ በዚያው ቤት ገብቶ ቢጫወትም አልታመመም፤ ተከትቧልና። የ7 ወሯ ሕፃን ግን የምትከላከልበት ጋሻ የላትም። ይህ ስለ ምን ሆነ ቢባል፤ ሕፃን በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም የመከላከያ ኀይል ይቀበላል። ያም ኀይል ከተወለደ በኋላ በየወሩ እያነሰ ይሄዳል፤ ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜም ይሟጠጣል። በኢትዮጵያ ክትባቱ የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ አስቀድሞ የተሰጠ እንደ ሆነ የእናቱ የመከላከያ ቅሪት ክትባቱን ያደክመዋልና። እንግዲህ በእናት ስንቅ ማለቅና በክትባት መጀመር መካከል ሕፃኑ ዕርቃኑን የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ጋሻው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። ወንድሙ፤ እኅቱ፤ የጎረቤት ልጅ የተከተቡ እንደ ሆነ ደዌው ወደ ሕፃኑ የሚደርስበት በር ያጣል። ከ100 ሰው 95 ያህሉ የተከላከለ ሲሆን ኩፍኝ በአንድ ከተማ ውስጥ መሮጫ አያገኝም። ያልተከተበው የ8 ዓመት ተማሪ የተረሳው በር ነበረ።

3ኛ፤ ኩፍኝ ወደ አንጎል የሚደርስባቸው መንገዶች

በመጀመሪያ መንቀጥቀጥንና የአንጎልን መቆጣት መለየት ይገባል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በማናቸውም ብርቱ ትኩሳት ምክንያት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ መንቀጥቀጥ አጭር ከሆነና ሕፃኑ ወዲያው ከነቃ፤ ምንም እንኳ ለሚያየው ቢያስደነግጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንጎል ላይ ጉዳት አይተውም። ኩፍኝ በአንጎል ላይ የሚያደርሰው እውነተኛው ጉዳት ግን በ3 መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው መንገድ በሽፍታው ሰሞን ወይም ከሽፍታው በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ውስጥ ይገለጣል። ልጁ ሲሻለው ሳለ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ራሱን ያመዋል፤ ያስታውከዋል፤ ይቃዣል፤ ይንቀጠቀጣል፤ እየደነዘዘም ይሄዳል። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ራሱ ብቻ አይደለም። ቫይረሱን ለመውጋት የተነሣው የሰውነት ጠባቂ ሠራዊት ተሳስቶ የነርቭን ሽፋን እንደ ጠላት ይወጋዋል። ኩፍኝ ከያዛቸው 1,000 ሰዎች 1ዱ ያህል እንዲህ ያለ የአንጎል መቆጣት ያገኘዋል። ከነዚህም ከ100 ከ10 እስከ 15 ያህሉ ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ በሚጥል በሽታ፤ በመስነፍ፤ በመስማት ጉድለት ወይም በአእምሮ ድካም ይቀራሉ። ይህ ዐይነት ከ2 ዓመት በታች ባሉት ላይ ያነሰ፤ ከፍ ባሉት ላይ የበረታ ነው። እንግሊዛዊው የልጆች ደራሲ ሮአልድ ዳል የ7 ዓመት ሴት ልጁን በ1962 ዓ.ም. ያጣት በዚህ ምክንያት ነበር። ክትባቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በማግሥቱ ዓመት ነው። ዳልም ከብዙ ዓመት በኋላ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ እየለመነ ጽፏል።

ሁለተኛው መንገድ ሰውነታቸው አስቀድሞ በሌላ ደዌ የተዳከመ ልጆችን ያገኛል። የደም ካንሰር ያለበት ወይም ኤች አይ ቪ የመከላከያ ኀይሉን የጨረሰበት ልጅ ኩፍኝን ጨርሶ ማጥፋት ያቅተዋል። አንዳንድ ጊዜ ሽፍታ እንኳ አይወጣለትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቫይረሱ በአንጎሉ ውስጥ በዝቶ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቅ ነው፤ ሰው ደዌው አልፏል ብሎ ከረሳ በኋላ ይመጣልና። ሕፃኑ ከኩፍኝ ይድናል፤ ይሮጣል፤ ይጫወታል፤ ፊደል ይቈጥራል። ቫይረሱ ግን በአንጎሉ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። በዚያም መልኩ ተለውጦ፤ ሙሉ ዘር ማውጣት ሳይችል፤ ካንዱ የአንጎል ሴል ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሻገራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ከቈየ በኋላ ደዌው ይገለጣል። ዳውሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1933 ዓ.ም. በእንደዚህ ያለ ደዌ በሞተ ልጅ አንጎል ውስጥ የቫይረስ ፍለጋ የሚመስል ነገር አይቶ ጻፈ፤ ምን ቫይረስ እንደ ሆነ ግን አልታወቀም ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከሕሙማን አንጎል የኩፍኝ ቫይረስ ተለይቶ በወጣ ጊዜ ነገሩ ተረጋገጠ።

ይህ ደዌ ብርቅ ነው፤ ከመጠን በላይ ሊያስፈራም አይገባም። ነገር ግን በሕፃናት ላይ ያደላል። በካሊፎርኒያ ከ1998 እስከ 2015 ዓ.ም. የታዩትን ሕሙማን የመረመሩ ሐኪሞች፤ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ኩፍኝ ከያዛቸው ልጆች ከ1,367 አንዱ፤ 1 ዓመት ሳይሞላቸው ከያዛቸው ደግሞ ከ609 አንዱ ይህ ደዌ እንዳገኘው አስልተዋል። የሕፃኑ ሰውነት ቫይረሱን ጨርሶ ለማጥፋት ገና አልበረታምና። ደዌው አንድ ጊዜ ከተገለጠ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ጥቂት መድኃኒቶች ባንዳንድ ሕሙማን ላይ ሂደቱን ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም፤ አብዛኞቹም ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይሞታሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሕፃኑን ኩፍኝ እንዳይዘው ማድረግ።

4ኛ፤ ለመምህራን የተለየ ቃል

የዚያችን የ7 ወር ሕፃን ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ኩፍኝ ያዛት፤ ዳነችም፤ ግቢው ሁሉ ደስ አለው። አሁን 9 ዓመት ሆኗት 3ኛ ክፍል ገብታለች ተብሎ ይታሰብ። እስከ ገና ድረስ ንባቧ ቀጥ ያለ፤ ጽሕፈቷም ያማረ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ትላንት ያነበበችውን ዛሬ ትስታለች። ጽሕፈቷ ከመስመሩ ይወጣል። ዝምተኛ የነበረችው ትቈጣለች፤ ወይም ተጫዋች የነበረችው ትፈዛለች። መምህሯ ሰነፈች ይላል፤ አባቷም ጨዋታ አበዛች ይላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እስክሪብቶ ከእጇ ይወድቃል፤ ቆማ ሳለች ሰው እንደ ገፋት ትናጣለች፤ መናጡም በየጥቂት ሴኮንዱ ይመላለሳል። ቀጥሎም ትወድቃለች፤ ዓይኗ ይደክማል፤ ንግግሯ ይጠፋል፤ ገላዋም ይደርቃል።

ይህ ምሳሌ ነው፤ የደዌው አካሄድ ግን እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው በሐኪም ቤት ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ መምህር ሆይ፤ ቀድሞ ደኅና ይማር የነበረ ልጅ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ሲመለስ ባየህ ጊዜ አለንጋና ስድብ አታስቀድም። የልጁን እናት ጥራና ጠይቃት። ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ይወድቃል ወይ? በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት ያውቃል ወይ? ከዚያም ወደ ሐኪም ላከው። ቀለም የሚረሳ ልጅ ሁሉ ይህ ደዌ አለበት ማለት አይደለም፤ የብዙዎቹ ምክንያት ረኀብ፤ የዓይን ድካም፤ የጆሮ ሕመም ወይም የቤት ኀዘን ነው። ይሁን እንጂ ከነዚህ አንዱም በአለንጋ የሚድን አይደለም።

በዚህ ደዌ ከተያዘ ልጅ ጋር መቀመጥና መብላት አያስፈራም። የተደበቀው ቫይረስ ከአንጎል ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው አይጋባምና ልጁን ከሰው መለየት አይገባም። ርግማን ነው፤ የሰው ዓይን ነው ብሎ ቤተ ሰቡን መሸሽም ግፍ ነው። መጸለይና ማስጸለይ የእያንዳንዱ የሃይማኖት ነገር ነው፤ ጸሎትም ሐኪምን አይከለክልም።

5ኛ፤ ሕፃን ኩፍኝ በያዘው ጊዜ ምን ይደረግ

በብዙ ቤት ኩፍኝ የያዘው ሕፃን በጨለማ ክፍል ይዘጋበታል፤ ገላው ውሃ እንዳይነካው ይከለከላል፤ መርፌ ይገድለዋል ተብሎም ወደ ሐኪም ሳይወሰድ ይቀራል። ይህ ሁሉ ልጁን ከመውደድ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ይጎዳዋል። ከሌሎች ሕፃናት መለየቱ መልካም ነው፤ በጭስና በተዘጋ አየር ውስጥ ማስቀመጡ ግን ሳልን ያብሳል። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ደም ያፈስሳል፤ ቍስሉም መርዝ ይይዛል፤ ለኩፍኝ ምንም አይጠቅምም።

የሚገባው ይህ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ የሚበላም ጥቂት ጥቂት እያለ ይብላ፤ ንጹሕ ውሃም ይጠጣ። ዓይኑ በፈላና በበረደ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ቅጠልና ወተት አይደረግበት። ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። በዚያ ቪታሚን ኤ ለ2 ቀን በተከታታይ ይሰጠዋል፤ ልኩም በዕድሜው ነው። ከ6 ወር በታች ላለ 50,000፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ 100,000፤ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ 200,000 ዩኒት ነው። ይህ መድኃኒት ዓይንን ከመታወር ይጠብቃል፤ ሞትንም ይቀንሳል። ሰጪው ግን የጤና ሠራተኛ ይሁን።

ሕፃኑ የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ በጎኑ ይተኛ፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። በአፉ ማንኪያም ጣትም አይግባ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም፤ አጥብቆ መያዝም ይሰብረዋል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ያለፈ፤ የተደጋገመ፤ ወይም ከቆመ በኋላ ሕፃኑ ያልነቃ እንደ ሆነ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጥ። ጡት መጥባት ያቃተው፤ የጠጣውን ሁሉ የሚያስታውክ፤ የማይነቃ ወይም ትንፋሹ የሚፈጥን ሕፃንም እንዲሁ ነው። በሐረር የጁገል ሆስፒታል አለ፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ሕይወት ፋና ሆስፒታልም አለ። በገጠር ያለ ሰው አስቀድሞ በጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቅ።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ኩፍኝ ሰውነት ሌሎችን ደዌዎች ለመከላከል ያከማቸውን ትዝታ ያጠፋል። በ2019 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ኩፍኝ የወጣላቸው ያልተከተቡ ልጆች ከመከላከያ ኀይላቸው ከ100 ከ11 እስከ 73 ያህሉን እንዳጡ አሳይቷል። ከኩፍኝ የተነሣ ልጅ በሳንባ ምችና በተቅማጥ ለወራት የሚታመመው ስለዚህ ነው። ሽፍታው ጠፋ ተብሎ ጥንቃቄው አይቋረጥ።

6ኛ፤ ስለ ክትባቱ

በ1954 ዓ.ም. ኤንደርስና ፒብልስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በቦስተን አጠገብ በኩፍኝ ከታመመ አንድ ተማሪ ቫይረሱን ለይተው አወጡ። ከዚያ ቫይረስ የተዳከመ ዘር አብቅተው በ1963 ዓ.ም. ክትባቱ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰው በኩፍኝ ይሞት ነበር። በ2023 ዓ.ም. የሞቱት 107,500 ያህል እንደ ሆኑ ተገምቷል፤ አብዛኞቹም 5 ዓመት ያልሞላቸው ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸው ያልተፈጸመ ሕፃናት ናቸው። ክትባቱ በተስፋፋበት አገር ሁሉ ያ ዘግይቶ የሚመጣው የአንጎል ደዌ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ሥራ ባውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ተመሠረተ። የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት ደግሞ በየካቲት 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጨመረ። የመጀመሪያው በ9 ወር፤ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ ቢባል፤ በ9 ወር ከተከተቡ 100 ሕፃናት 15ቱ ያህል ክትባቱ ሳይይዝላቸው ይቀራል፤ ሁለተኛው እነርሱን ያገኛቸዋል። ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ክትባት ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ስለ 9ኛውና ስለ 15ኛው ወር አይቈጠርም።

ክትባቱ ራሱ አንጎልን ይጎዳል የሚል ወሬ አለ። መልሱ ግልጥ ነው። ዘግይቶ በሚመጣው ደዌ ከሞቱት ልጆች አንጎል የተገኘው ቫይረስ በመርመሩት ሁሉ ዘንድ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተው የኩፍኝ ቫይረስ እንጂ የክትባቱ ዘር አይደለም። ከክትባቱ በኋላ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ አንዳንድ ሕፃን ትኩሳት ወይም ቀላል ሽፍታ ያገኘዋል፤ እጅግ ጥቂቱም በትኩሳቱ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። ይህ ያልፋል። እናት አስቀድማ ብታውቀው አትደነግጥም።

የኩፍኝ ክትባት ሙቀት ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ከተበጠበጠም በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቈይም። የጤና ሠራተኛዋ እናቶችን ባንድ ቀን ሰብስባ የምትጠራው አንዱ ምክንያት ይህ ነውና የተቀጠረውን ቀን ማክበር የሁሉ ፈንታ ነው።

ባውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፤ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ዋና ዋናዎቹን ክትባቶች ሁሉ ያገኙት ከ100 43 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ክልሎች የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሣ። ያልተዘጋው በር ብዙ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

7ኛ፤ የእያንዳንዱ ፈንታ

ፈንጣጣ ስንቱን የፈጀ ደዌ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በኦጋዴን በኩል ተገኘ፤ በዓለም ሁሉ የመጨረሻው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሶማሊያ በመርካ ከተማ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በተፈጥሮ የተያዘ ሰው የለም። ይህን ያደረጉት ከመንደር መንደር በእግር የዞሩ ከታቢዎችና የታመመውን ሳይሸሽጉ ያሳዩ ባላገሮች ናቸው።

እናቶች ሆይ፤ የሕፃኑን የክትባት ካርድ እንደ ቤት ሰነድ ጠብቁት፤ 9ኛውንና 15ኛውን ወር ቍጠሩ። አባቶች ሆይ፤ ለክትባት የምትሄደውን እናት ሥራ አለ ብላችሁ አታስቀሩ፤ ሕፃኑን ያዙላት። የአፎቻና የዕድር ሰዎች ሆይ፤ ለሠርግና ለኀዘን እንደምትሰበሰቡ፤ በየግቢው ሳይከተብ የቀረ ልጅ መኖሩን በስብሰባችሁ ጠይቁ። ኩፍኝ ወዳለበት ቤት ሕፃን የያዘች እናት እንዳትገባ፤ ጠያቂም ምግቡንና ሰላምታውን በደጅ እንዲያደርስ ተስማሙ። መምህራን ሆይ፤ አዲስ ተማሪ በምትመዘግቡበት ቀን ካርዱን ጠይቁ፤ ያልተከተበ ቢገኝ ለጤና ሠራተኛዋ ንገሩ። ትኩሳትና ሽፍታ ያለበትን ተማሪ ወደ ቤቱ ስደዱ፤ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን ሳያልፍም አይመለስ።

የ8 ዓመቱ ተማሪ ተከትቦ ቢሆን ኖሮ በጎረቤት ያለችው የ7 ወር ሕፃን ባልታመመች ነበር። እርሱን ማስከተብ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ቀን አይሞላም።